«ምን ሠርተህ ደከመህ?»፤ በጫሞ ዳር ተራ ድካምን ከድባቴ ስለ መለየት

በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ «ደክሞሃል መሰለኝ» መባባል የተለመደ ነው። ጠያቂው መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል፤ ተጠያቂውም «ፈተናው ነው»፣ «ሙቀቱ ነው»፣ «ወባዋ ናት» ብሎ ይገላገላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ሁላችንም በየቀኑ የምንለዋወጠውን ቃል ነው። ምክንያታችን ግን ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከመኝታ ክፍላችን የተነሣ ነው።

ባለፈው ዓመት አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን ስንኖር ከመካከላችን አንዱ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ደከመኝ ማለት አበዛ። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ደሙ ሲታይ ወባ ተገኘበት፤ መድኃኒቱን ዋጠ፤ ትኵሳቱም በሦስተኛው ቀን ለቀቀው። ድካሙ ግን አልለቀቀውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲሄድ ምርመራው አሁንም ወባ አለ ስላለ ሁለተኛ መድኃኒት ተሰጠው። በሦስተኛው ጊዜ ምንም ስላልተገኘበት ቪታሚን ታዞለት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እኛው ሐኪሞች ሆንን። አንዱ «ተኛ፣ ይለቅሃል» አለው፤ ሌላው «ተነሥና ኳስ ተጫወት» አለው፤ ሦስተኛው ጫት ገዝቶ አመጣለት፤ አራተኛው አብሮት ጸለየ፤ አምስተኛው ምንም ባይናገርም ስንፍና ነው ብሎ በልቡ ፈረደበት።

ታኅሣሥ ከገባ በኋላ አንድ ሌሊት በ9 ሰዓት ላይ ከመካከላችን አንዱ ወደ ውጭ ለመውጣት ቢነሣ ጓደኛችንን በጨለማ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው። ምን ሆንህ ቢለው «ምንም አልሆንሁም፤ ደክሞኝ ነው» አለ። ለካስ ለሳምንታት በዚያው ሰዓት እየነቃ ተቀምጦ ያነጋ ኖሯል። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሐይቁ ዳር ይዘነው ወርደን ዓሣ አስጠበስን። ከሁላችንም ይልቅ ዓሣ የሚወድ እርሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ጐርሶ ተወና «ጭቃ ጭቃ ይለኛል» አለ። ይህን ሲናገር በፊቱ ላይ ኀዘን እንኳ አልታየበትም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ያን ዕለት ነው የፈራነው። በማግሥቱ ለታላቅ ወንድሙ ደወልን፤ ወንድሙም መጥቶ የአእምሮ ሕመም ወደሚታከምበት ወሰደው። ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል። ይህን ጽሑፍ በፈቃዱ ጻፍነው፤ ከመታተሙም በፊት አነበበው። ስሙንና አገሩን ግን ትተናል።

ይህን መተረካችን የጓደኛችንን ጉዳይ ለማውጣት ሳይሆን የራሳችንን ስሕተት ለመመርመር ነው። አምስት ጤነኛ ወጣቶች ከእግራችን ሥር የተኛውን ሕመም ከሁለት ወር በላይ ሳናየው መኖራችን እንዴት ሊሆን ቻለ?

ከጥፋቱ ከፊሉ የቋንቋችን ይመስለናል። በአማርኛ ድካም ማለት የጉልበት ማለቅ ብቻ አይደለም፤ ልፋትም ማለት ነው። እናት «ደክሜ ያሳደግሁት ልጅ» ስትል ጉልበቴ አልቋል ማለቷ ሳይሆን ለፍቼበታለሁ ማለቷ ነው። ገበሬውም እህሉ ሲያምርለት «ድካሜ ፍሬ አገኘ» ይላል። እንግዲህ ድካም የክብር ቃል ነው፤ የሠራ ሰው የሚያገኘው መብት ነው። ሳይሠራ ደከመኝ የሚል ሰው ግን የማይገባውን እንደ ወሰደ ይቈጠርበታልና «ምን ሠርተህ ደከመህ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተለዋል። ይህ ጥያቄ እንደ ስድብ ይሰማል እንጂ በመሠረቱ ብልህ ጥያቄ ነው። ተራ ድካም ላደከመው ሰው መልስ አለው፤ ሙዝ ስጭን ውዬ፣ ሳጠና አድሬ፣ ከጨንቻ በእግሬ ወርጄ ይላል። ሕመም ላደከመው ሰው ግን መልስ የለውም። መልስ ስለሌለውም ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ማንም የማይነቅፈውን ምክንያት ይዋሳል። በጫሞ አካባቢ ለዚህ ውሰት ከወባ የተሻለ አይገኝም።

ሌሎችም ቃላት አሉን። ሰውነት ይዝላል፤ የተደጋገመ ነገር ይታክታል፤ ሥራ ይሰለቻል፤ ተስፋ ያጣ ሰው ልቡ ይደክማል፤ ሐሳብ የበዛበት ሰው ራሱን ያቃጥለዋል። ሐኪሞቻችን ዛሬ ድባቴ የሚሉትን ሕመም ሕዝቡ እንደየሁኔታው ድብርት ወይም የመንፈስ ጭንቀት ይለዋል። ይሁን እንጂ ድብርት የሚለውን ቃል ለዝናባማ ከሰዓት በኋላ ስለምንጠቀምበት፣ በዚህ ጽሑፍ ሕመሙን ድባቴ ብለን እንጠራዋለን።

አስቀድሞ ስለ ተራው ድካም እንነጋገር፤ በዚህ አገር ሞልቷልና። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ከላይዋ በ37 ኪሎ ሜትር ርቀት የምትገኘው ጨንቻ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከደጋው የወረደ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በላብና በእንቅልፍ እጦት ያሳልፋል፤ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በቀትር የወጣ ሰው ያውቀዋል። የጫሞ ዓሣ አጥማጅ አመሻሹ ላይ የጣለውን መረብ ጎሕ ሲቀድ፣ አዞና ጉማሬ በሚመላለሱበት ውኃ ላይ ሄዶ ያነሣል። በየመንገዱ ዳር ያለው የሙዝ ጫኝ ትከሻው እስኪላጥ ይሸከማል። የዶርዜ ሸማኔ እግሩን ከጕድጓዱ ከትቶ ወገቡ እስኪደርቅ ይቀመጣል።

የዓሣ አጥማጆቹ ነገር አንድ ትምህርት ሰጥቶናል። ታንኳው ሞልቶ የተመለሰ ሰው ምንም ያህል ቢደክም እየቀለደ ዓሣውን ያወርዳል፤ ባዶውን የተመለሰው ግን ያው ውኃ ላይ ያው ሰዓት ቈይቶ ሳለ አፉን መክፈት ይሳነዋል። በጫሞ ነጩ ዓሣ፣ የናይል ፐርች የሚባለው፣ ካለ ልክ በመጠመዱ ከቀድሞው በጣም ተመናምኗልና ባዶ ታንኳ ብርቅ አይደለም። እንግዲህ ተራ ድካምም ቢሆን የጡንቻ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተስፋም ይገባበታል። ሆኖም ባዶውን የገባው አጥማጅ በማግሥቱ ዓሣ ሲያገኝ ድካሙ ይጠፋል። ምክንያቱ ሲነሣ አብሮ መነሣቱ የተራ ድካም ጠባይ ነው።

የሸማኔዎቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከጋሞ ደጋ ወጥተው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳና ሌላም ሰፈር የሚሠሩ አያሌ ሸማኔዎች ዓመቱን ሲለፉ ከርመው ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ጋሞዎች ማስቃላ የሚሉት ይህ በዓል ከበዓላቸው ሁሉ የበለጠ ነው፤ ለሥጋው ገንዘብ ወር ከወር ሲቈጠብ ይኖራል። መንገደኛው እቤቱ እንደ ገባ አንድ ሁለት ቀን ይተኛል፤ ማንም አይቀሰቅሰውም። ከዚያ ይነሣል፤ ይበላል፤ ከእኩዮቹ ጋር አደባባይ ይወጣል፤ ይዘፍናል። እዚህ ላይ ማስቃላ ራሱ ምርመራ ይሆናል ማለት ነው፤ ዕረፍትንም ደስታንም ባንድነት ያቀርባልና። ሁለት ቀን ተኝቶ የማይነሣ፣ ቢነሣም ከዘፈኑ መካከል ቆሞ የማይሰማው፣ ሥጋው የማይጥመው፣ ልጆቹ ሲከቡት «ተዉኝ» የሚል ሰው ቢኖር ድካሙ የሸማ አይደለም። የደከመ ሰው መነሣት ይፈልጋል፤ አቅም ግን ያንሰዋል። በድባቴ የተያዘው ግን ፈቃዱ ራሱ ታሟል፤ አቅሙ ቢኖረውም የሚነሣበት ምክንያት አይታየውም። ከዚህ ይልቅ ልዩነቱን የሚገልጽ ነገር አላገኘንም።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል የሚገባ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የደም ነገር ነው። በቆላ የሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት ደሙን መመርመር አለበት። በጫሞና በአባያ ዙሪያ ሁለቱም ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ ይገኛሉ። በአባያ አጠገብ ባለችው በጫኖ ሚሌ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት እስክንድር ሎሃና በርንት ሊንድቾርን ለወባ ትንኝ መራቢያ ቀርበው የሚኖሩ ሰዎች ይበልጥ እንደሚያዙ አሳይተዋል። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝታ ትቈይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ትነሣለች። ሁለቱም ደምን ያሳንሳሉ፤ ደም ያነሰው ሰው ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ፊቱ ይነጣል። መንጠቆ ትልም እንዲሁ ደም ይመጣል። ቢልሃርዚያ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መዳከም፣ እርግዝናም ሰውን ያደክማሉ። ይህን ሁሉ ሳይመረምሩ ድባቴ ነው ማለት፣ የጓደኛችንን ሕመም ወባ ብቻ ነው ከማለት ያላነሰ ስሕተት ነው።

አስቸጋሪው ነገር ግን የምርመራው ወረቀት ነገሩን ሁልጊዜ የማይጨርሰው መሆኑ ነው። አንዳንዱ ፈጣን የወባ መመርመሪያ የፋልሲፓረምን ቅሪት ያያል እንጂ ሕያዋን ተሓዋስያንን ብቻ ነጥሎ አያይም፤ ስለዚህ የተፈወሰ ሰው እንኳ ለሳምንታት «አለብህ» ሊባል ይችላል። የጓደኛችን ሁለተኛ ምርመራ እንዲህ ሳይሆን አልቀረም ብለን እንገምታለን። ደግሞም ሁለቱ ሕመሞች ተራ አይጠብቁም፤ ወባ ያለበት ሰው ድባቴም ሊኖርበት ይችላል። ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ ደሙን መርምር፤ የተገኘውን አክም፤ ካከምህ በኋላ ድካሙ ካልሄደ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ የወባ መድኃኒት ከመስጠት ይልቅ ጥያቄውን ለውጥ።

ጥያቄውስ ምንድር ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር 10ኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው፣ የድባቴ ዋና ዋና ምልክቶች ብሎ ሦስት ነገሮች አስቀምጦ ነበር፤ እነርሱም የመንፈስ መክበድ፣ የደስታና የፍላጎት መጥፋት፣ ሦስተኛውም ጉልበት አጥቶ ቶሎ መድከም ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የጸናው 11ኛው እትም ግን ድካምን ከዋናዎቹ ተራ አውርዶታል። ከአሥሩ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል እንጂ ከሁለቱ ከፊተኞቹ ቢያንስ አንዱ ከሌለ ድካም ብቻውን ድባቴ አያሰኝም። ይህ ለውጥ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለእኛ ግን ትልቅ ትርጉም አለው፤ ድካም የበር ማንኳኳት ነው እንጂ ማን እንዳንኳኳ አይናገርምና። በሩን ከፍቶ መጠየቅ ያሻል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ስለ ድካሙ ክብደት አይደለም። ቀን ሙሉ ሙዝ የጫነው ሰው ከጓደኛችን ይበልጥ ደክሞ ነበር። የሚጠየቀው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለሚወደው ነገር፣ ስለ ራሱ ስለሚያስበውና ስለ ጊዜው ርዝመት ነው። የደከመ ሰው ጋደም ሲል እንቅልፍ ይወስደዋል። በድባቴ የተያዘ ሰው ግን እየደከመው እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ወይም ተኝቶ ከልማዱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይነቃና ከዚያ በኋላ አይተኛም። ዓሣ አጥማጁም በዚያው ሰዓት ይነሣል፤ እርሱን ግን የሚቀሰቅሰው መረቡ ነው። ተራ ድካም ጧት ቀሎ ማታ ይከብዳል፤ ከባድ ድባቴ ብዙ ጊዜ ጧት የከፋ ሆኖ ማታ በመጠኑ ይለቃል። አንዳንዱም ይህንን ገልብጦ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ስለዚህ እንቅልፍ ማብዛቱ ብቻ ስንፍና አያሰኘውም። ምግብ ይጠላል ወይም ካለ ልክ ይበላል። ንግግሩና እርምጃው ይንቀረፈፋል። አንድን ገጽ አምስት ጊዜ አንብቦ ምንም አይይዝም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ለራሱ ያለው ዳኝነት ነው፤ የደከመ ሰው «ሥራው በዛብኝ» ሲል ይህኛው «እኔ የማልረባ ነኝ፤ ለቤተ ሰቤ ሸክም ነኝ» ይላል።

የጊዜው መለኪያ ሁለት ሳምንት ነው። ከእነዚህ ምልክቶች አምስት ያህሉ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሁለት ሳምንት ቈይተው ሥራውን ወይም ትምህርቱን ካሰናከሉ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ግን በዚህ ሚዛን ብቻ መመዘን አይገባም፤ ኀዘን እየመጣ የሚሄድ ነገር ነው፤ ኀዘንተኛውም መካከል ላይ ስለ ሟቹ ቀልድ አንሥቶ ሊሥቅ ይችላል፤ ራሱንም ከንቱ ነኝ አይልም።

ጓደኛችን ረቂቁን ሲያነብ ያረመን እዚህ ላይ ነው። «ደክሞኝ ነው» ማለቱን እኛ ማመካኛ ብለን ጽፈን ነበር። እርሱ ግን ውሸት እንዳልነበረ፣ ሸሚዙን አጥቦ ማስጣት እንኳ ዳገት ሆኖበት እንደ ነበረ አስረዳን። የድባቴ ድካም የታሰበ ሳይሆን በሰውነት ላይ የሚሰማ እውነተኛ ድካም ነው፤ ስለዚህ «የሐሳብ ነው፣ ተነሥ» መባሉ ሕመምተኛውን ሁለተኛ ያደማዋል።

ይህ የመለየት ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳዊው ሐኪም ሬይመንድ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ናይጄሪያ ተማሪዎች በጻፈው ጽሑፍ፣ ራሳቸውን የሚያቃጥላቸው፣ የሚያነቡት የማይገባቸው፣ ዓይናቸው የሚደክምና ጥናት አእምሮዬን አደከመው የሚሉ ብዙ ወጣቶችን ገልጾ ነበር። ለሁኔታውም «የአንጎል ዝለት» የሚል ስም ሰጠው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ሕመም ተብሎ ገባ፤ በ2013 በወጣው እትም ደግሞ ወጣ። በኋላ የመረመሩት ሰዎች እንዳሳዩት ቃሉ ራሱ በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ስለ ራሳቸው ሲጠቀሙበት የነበረ ነው፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹን ያሠቃያቸው ተራው ድባቴና ጭንቀት ሳይሆን አይቀርም። እኛን ያስገረመን ተማሪዎቹ የመረጡት ምክንያት ነው። ማጥናት እንደ ሙዝ መጫን የተከበረ ድካም ነውና፣ «ምን ሠርተህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል።

በኢትዮጵያም ነገሩ ቀደም ብሎ ተጠይቋል። ሮበርት ጊልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ ለሥጋ ሕመም ወደ ተመላላሽ ሕክምና ከመጡ ኢትዮጵያውያን 200 ሰዎችን ወስደው ስንቶቹ የአእምሮ ችግር እንዳለባቸው መርምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ 20 «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች አዘጋጅቶ በአገራችን ብዙ ተሠርቶባቸዋል፤ ከእነዚህም ሁለቱ ስለ ድካም ናቸው። ፍራንክ ኮርትማን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳየው ግን፣ ኢትዮጵያውያን ተጠያቂዎች ጥያቄዎቹን ብዙ ጊዜ የተረዷቸው ጠያቂው ባሰበው መንገድ አይደለም፤ መልሳቸውም ከሐኪሙ በሚጠብቁት ነገር ይወሰን ነበር። ገበሬውን «ይደክምሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅና «አዎን» የሚል መልስ ማግኘት ምን ያስደንቃል? የሚደንቀው አይደክመኝም ቢል ነበር። ቅጽ ይዘን ወደ ቀበሌ ለምንወርድ ተማሪዎች ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ ተማሪው ኑሮ ሁለት ነገር ጨምረን እናልፋለን። የመጀመሪያው ከሥራ ብዛት የሚመጣ መዛል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው እትሙ ይህን ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ብሎ ጽፎታል እንጂ በሽታ አላለውም። ሰውዬው ከሥራው ይርቃል፣ ይታክተዋል፣ የሚሠራው ዋጋ ያለው አይመስለውም፤ ከሥራው ውጭ ግን ይሥቃል፣ ይበላል፣ ያፈቅራል። ሁለተኛው ጫት ነው። ሌሊቱን ለማንጋት የሚቃም ጫት ምርቃናው ሲያልፍ ድብታ ያመጣል። በፈተና ሰሞን የሚታየው የብዙ ተማሪ ክፉ ስሜት ጫቱ ተትቶ ጥቂት ሌሊት ሲተኛ የሚጠፋ ነው። ካልጠፋ ግን ጫቱ ሌላ ሕመም ሲሸፍን እንደ ኖረ መጠርጠር ይገባል። ለጓደኛችን ጫት የገዛለት ባልንጀራችን ይህን አሁን ያውቃል።

በጋሞ ደጋ ያሉ ሽማግሌዎች ለእንዲህ ያለው ነገር የራሳቸው አመለካከት አላቸው። ወጋ የተባለው የአባቶች ሥርዓት ሲጣስ ጎሜ ይመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ጎሜም በሰው ላይ ሕመም፣ በከብትና በእህል ላይ ጥፋት ሆኖ ይገለጣል። ዴና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ስለ ዶኮ ሕዝብ በሚናገረው መጽሐፏ ይህን በሰፊው ጽፋለች። ታማሚው ሽማግሌዎች ባሉበት የተበላሸውን ይናገራል፤ ከተጣላውም ይታረቃል። የሳይንስ ተማሪ ይህን ሰምቶ መሣቅ ይቃጣዋል። እኛ ግን ወባ ብቻ ከሚፈልገው ክሊኒክ ይልቅ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አስቀድመው አውቀዋል ብለን እናምናለን፤ ሰውዬውን ቁጭ አድርገው «ከማን ጋር ተጣላህ? በቤትህ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁታልና። ነገር ግን አደጋም አለበት። ድባቴ በራሱ በሰው ላይ ያልሠራውን ጥፋት የሚጭን ሕመም ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው ሕመምህ ከበደልህ ነው ቢሉት ሸክሙን ያጸኑበታል። በየጸሎት ቤቱ «እምነትህ ቢጎድል ነው» ለሚሉትም ይኸው ይነገራል። ዕርቁም ጸሎቱም ይሁን፤ ሐኪሙ ግን አይቅር።

ሐኪሙ ዘንድ መሄዱ ደግሞ እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም። ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይታሰብ ነበር፤ ስሙም ሰውን ያስፈራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ስለ ጀመሩ አገልግሎቱ ወደ ክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልትም እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አሰበ። ለቀላል ድባቴ የሠለጠነ ሰው ምክር፣ የተወሰነ የቀን ሥራና ከሰው ጋር መዋል ሊበቃ ይችላል። ለከበደው መድኃኒት ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ጥቅሙ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፣ ሱስም አያስይዝም፤ ተሻለኝ ብሎ ሐኪሙን ሳያማክሩ በድንገት ማቆም ግን አይገባም። ጓደኛችን በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ስላልተሰማው ሊጥለው ነበር። ያስቀጠለው ወንድሙ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሁላችንም የምንፈራው። ከዚህ ሁሉ ምልክት ጋር ሰውዬው «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ነገር ካመለጠው፣ ንብረቱን ማደል ወይም መሰናበት ከጀመረ፣ በግልጽ «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። በአገራችን ይህ ጥያቄ ክፉ ሐሳብ ያስታውሰዋል ተብሎ ይፈራል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ ብዙ ጊዜም እንደሚያቀልለት ነው። አዎን ካለ ብቻውን አይተውም፤ ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ ይነሣል፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። «ለማንም አትንገሩ» ቢል እንኳ ይህ ምስጢር አይጠበቅለትም።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለን። በመጀመሪያው ወር ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ተማሪ ከኋላ መቀመጥ ሲጀምር፣ ቀጥሎም ሲቀር፣ የመቅረቱን ምልክት በመዝገቡ ላይ ከማድረግ ጋር አንድ ጊዜ ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። ጓደኛችን ሦስት የትምህርት ዓይነት ያስተጓጐለበትን ምክንያት በጽሑፍ ሲያቀርብ «ወባ» ብሎ ነበር የጻፈው፤ ተቀባይነትም አግኝቶ ነበር። «ድባቴ» ብሎ ቢጽፍ ይቀበሉት እንደ ሆነ ጠይቆን የምንመልስለት አጥተናል።